አሥራ አራት ደቂቃ

ፖዝናን፣ ኅዳር ወር፤ ገና በዘጠኝ ሰዓት ቀኑ የመሸ መስሎ፣
ትራሙ ይቆማል ከመጨረሻው ፌርማታ፣ ሐዲዱ እንደ ቀለበት ተጠቅልሎ።
ቦጉሚላ ሰዓቷን ታያለች፦ አሥራ አንድ ደቂቃ።
ሦስቱ ለሽንት ቤት፣ ሁለቱ መስታወት ለመጥረግ፤ ሂሳቡ ሲያበቃ
ስድስት ይተርፋታል። ስድስቷን ቆማ፣ ጓንቷን በግማሽ አውልቃ፣
ነጭ ዳቦ በማርማላታ ታወርዳለች፣ ምላሷ ላይ ሳይቆይ፣
ከፔርሙስ በተቀዳ፣ ስኳሩ በበዛ ሻይ።

ጠግባለች። ቀበቶዋን በአንድ ቀዳዳ ታላላለች፣
ደወሉን መትታ በሩን ትዘጋለች።
ሦስተኛው ፌርማታ ላይ፣ ከመድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት፣
ሆዷ ይጀምራል፣ እንደ ሰው ቤት ልጅ፣ በእፍረት፤
ከዚያ ይደፍራል፦ «በላን እንዴ ዛሬ?»
«በላን እንጂ! ማርማላታው እጅጌዬ ላይ አለ፤ እሱ ነው ምስክሬ።»

መብላቱንስ በልታለች፤ ግን ካንገት በላይ።
ነጭ ዳቦ ኮቱን የማያወልቅ እንግዳ ነው፣ ተነስቶ ሂያጅ፣ ደጅ ደጁን የሚያይ።
ስኳሩም ርችት ነው፤ በደም ሥር ሽቅብ ተወንጭፎ፣ ደምቆ የሚወድቅ፤
አንጀት የታች ሰፈር ሰው ነው፤ ጭሱን እንጂ ብርሃኑን አያውቅ።

ሽማግሌው መካኒክ ኢግናሲ፣ ሁለት ጥርስ ብቻ ቢቀሩት ከአፉ ዳር፣
ገብስ በባቄላውን እያላመጠ እንዲህ ብሏት ነበር፦
«ከሆድ ወደ ራስ የሚላክ መልእክተኛ አለ፤ ፈረስ የለው፣ እግረኛ ነው፤
ሃያ ደቂቃ ይሄዳል፤ ‹በቃን› የሚል ወረቀት ነው የያዘው።
አንቺ ሳይደርስ ትነሻለሽ፤ ቢያንኳኳ ደጁ ተዘግቷል፤
ይኸው ስንት ዓመቱ፣ በረዶ ላይ ተቀምጧል።»
ሳቀች። ሐኪም አይደለም፤ ሰውየው የሚያውቀው ፍሬን ነው።

ማታ በፍሪጁ ብርሃን፣ ወንበር ሳትስብ፣ ሳትቀመጥ፣
ቋሊማ ስትገምጥ፣ የትናንት ድንች ስትውጥ፣
ስልኳ ላይ የማታውቃቸው ሰዎች ሲደንሱ እያየች፣
ሳህኑ ባዶ ሆነ። እጇ በላ፤ እሷ ቀረች።
ቲሞን ልጇ ከግዳንስክ ካልደወለ ሦስት ሳምንቱ፤
ሆድ ባሳት ወይስ ራባት? ሁለቱም አንድ በር ነው የሚያንኳኩት፤ አይለይም ድምፀቱ።

አንድ ሐሙስ በረዶ የኤሌክትሪኩን ሽቦ በጠሰ፤
ትራሙ ድልድዩ ላይ ቆመ፤ ሙቀቱ ቀስ በቀስ አነሰ።
ውስጥ የቀሩት አንድ ጎረምሳ፣ አንዲት ነርስ፣ አንዲት መበለት።
መበለቲቱ ከዘንቢሏ ሾርባ አወጣች፣ ምስር በጥቅል ጎመን፣ በፎጣ የታሰረበት፤
«ለእህቴ ነበር፤ ትጠብቀኝ» አለች።

ማንኪያው አንድ ነው።
አንዱ ሲጎርስ ሌላው ያወራል፦
ጎረምሳው ስለ ጉልበቱ፣ ነርሷ ስለ ጠፋ ውሻዋ፣
ማንኪያው ይዞራል፣ ይዞራል፣ እስኪመለስ ወደ ቦጉሚላ
ምስሩን ፍሬ በፍሬ ታኝካለች፤ ምን ቸኮለች?
አርባ ደቂቃ።
መብራት ሲመጣ ሾርባው ከግማሽ በላይ ነበር፤
ማንም ጨምሩልኝ አላለ።
የዚያን ማታ ፍሪጁን ከፈተች፤ ምን ልታወጣ እንደነበር ጠፋትና ዘጋችው።
መልእክተኛው ቀድሟት ቤት ገብቷል፣
ጫማውን አውልቋል።

ዓርብ ጠዋት በቅሬታው መዝገብ፦ «አሥራ አራት ደቂቃ ይጨመርልኝ።»
ኃላፊው ጎዝዴክ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፦ «እስቲ አስረጂኝ፤
ሰው አሥር ይጠይቃል፣ አሥራ አምስት ይጠይቃል፤ ይሄ ምን ይባላል?»
«ከሃያ ላይ ስድስት ሲነሳ ነው» አለች፤ «በእግሩ የሚመጣ ሰው አለብኝ፤ መንገዱ ያን ያህል ይፈጃል።»

መልሱ በጽሑፍ ይደርስሻል አሏት። አልደረሰም።
እስከዚያው በፔርሙሷ ምስር ይዛ ትወጣለች፤
መስታወቱ ይቆሽሽ ብላ ሁለቷን ደቂቃ ወስዳለች፤
ጓንቷን ሙሉ በሙሉ አውልቃ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ትበላለች።
ከመድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት ሆዷ ዛሬም ይጠይቃታል።
ድምፁ ግን ቀነስ ብሏል፤
ወይም እንደዚያ መስሏታል።