የክንድ ልክ

ኩሬሳሬ ከተማ፣ በኅዳር ዝናብ ማግስት፣
ሻጩ ራይቮ ዘረጋ ያማረ ወረቀት፤
ቀይ ክሬን፣ ቢጫ ክሬን፣ መንጠቆው የሚያበራ፣
ዋጋው ከጀርባ ነው፤ ፊት ለፊት ሥዕሉ ነው የሚያወራ።

"ይሄ ክንድ" አለ ራይቮ፣ "አሥራ ሁለት ሜትር ይደርሳል።"
እንደል ፈዘዘ። ቁጥር ለካ እንዲህ ያሰክራል?
አርባ ዓመት ደሴቱን በጉድጓድ የበሳ፣
የሲሚንቶ ቀለበት በሦስት ግንድ፣ በሰንሰለት ያወረደ፣ ያነሳ፣
ወገቡን በየጓሮው ለሰው ውኃ የገበረ፣
ዛሬ ካልሲ ለማጥለቅ ግድግዳ መደገፍ የጀመረ።

አሥራ ሁለት ሜትር!
ከመንገድ ሳይወርዱ፣ አጥር ሳያፈርሱ፣
የድንች መደብ ሳይረግጡ፣ ከሰው ሳይነካከሱ፣
ቀለበቱን በአየር አሻግሮ፣ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ማኖር።

ልጁ ማሪት ግን እርሳሷን ከጆሮዋ አወረደች፦
"አሥራ ሁለት ሜትር ላይ ስንት ያነሳል?" አለች።
ራይቮ ጉሮሮውን ጠረገ። "እዚያ ላይ... ይቀንሳል።"
"ስንት?"
"አራት መቶ ኪሎ።"
"የኛ አንዱ ቀለበት ስድስት መቶ ይመዝናል።"

ሠንጠረዡን አዙራ፣ አባቷን በጣቷ መራችው፤
መነጽሩን ወለወለ፣ ቁጥሩ የቁንጫ እግር ሆኖ ታየው፤
ሁለት ሜትር ላይ ሦስት ቶን፣ አራት ላይ አንድ ተኩል፣
ስድስት ላይ አንድ፤ ስምንት ላይ ሰባት መቶ ይላል፤
ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ነው።

ክንድ ሲሰበሰብ አነሳ፣
ክንድ ሲዘረጋ አነሰ።
በዚህ ፊደል የምጽፍ እኔ፣ እዚህ ላይ ቆምሁ፤
"ሳ" ከ"ሰ" በምን ይለያል ብዬ ወረቀቴን አየሁ፦
አንዱን እግሯን አስረዝማ መሬት ላይ የተከለች "ሳ" ናት፤
ሁለቱን አስተካክላ የቆመች፣ ሚዛን ሲያጋድል ምን አላት?
መኪናም እንዲሁ ነው፤ የጎን እግሩን ሳይተክል
ክንዱን ሩቅ የላከ ሹፌር፣ ሰማዩን በጎን መስኮት ያያል።

"ደግሞ" አለች ማሪት፣ "ክሬኑም ራሱ ሸክም ነው፤
ከባዱን ከገዛን፣ ከጭነታችን ላይ ነው የሚበላው።
መኪናችን ሰባት ቶን ተኩል ነው፣ ሕጉ ከዚያ አያልፍም፤
ብረት ተሸክመን ብረት ብናደርስ፣ ውኃ አይፈልቅም።"

እንደል ዝም አለ። ኩራት በሽማግሌ ሆድ ቶሎ አይሟሟም።
በማግስቱ ግን ገመድ አመጣ፣ በየሜትሩ የተቋጠረ፣
"ጓሮው ራሱ ይናገር" አለና ደሴቱን መዞር ጀመረ።

ሙስቲያላ፣ አራት ቋጠሮ፤ ኦሪሳሬ፣ አምስት ከስንዝር፤
ዓሣ በጭስ የሚያበስለው ሰው ቤት፣ ሦስት ብቻ፣ ውሻው ገመዱን ይዞ ሲዞር፤
አንዲት አስተማሪ፣ ስድስት፤ ጎረቤቷ፣ ስድስት ተኩል፤
ማሪት ትጽፋለች፣ ዝናቡ ደብተሯን ያኝካል።

ከባልቴቷ ከሌይዳ ጓሮ ሲደርሱ ግን ገመዱ አለቀ፤
ስምንት ቋጠሮ፣ ከዚያ አንድ እርምጃ፤ መሐል የፕሪም ዛፍ፣ በር የጠበቀ።
"ይቆረጥ" አለ እንደል።
ሌይዳ ሳቀች፦ "ጉድጓዱን የምታድስልኝ በዕድሜዬ አንድ ጊዜ፤
ፕሪሙ በየዓመቱ ነው። ቁረጥ የምልህ፣ ምን ነክቶኝ፣ የምን አባዜ?"

በመመለሻው መንገድ የመስታወት መጥረጊያው ብቻ ሲንቋቋ ነበር።
"ለአንዲት ሴት ጓሮ" አለ በመጨረሻ፣ "አሥራ ሁለት ሜትር አይገዛም።"
"እሷንም ትተን አናልፍም" አለች ማሪት፤ ሌላ አልተናገረችም።

ዓርብ ዕለት ገዙ፤ ስምንት ሜትሩን፣ ቀዩን ሳይሆን ግራጫውን።
ራይቮ ብዕር አቀበለ፣ እንደል ግን አጠፍ አድርጎ አየ ወረቀቱን።
ማሪት የክብደት ሒሳቧን ከግርጌው ጽፋ ነበር፦
መኪናው፣ ክሬኑ፣ ነዳጁ፣ ሁለት ሰው፣ የቀለበቱ ቁጥር፤
ከሁሉ በታች፣ በደብዛዛ እርሳስ፦
"የአባባ ሦስት ግንድ ከነሰንሰለቱ፣ ለሌይዳ ጓሮ። ዘጠና ኪሎ።"
አነበበው።
መነጽሩን ሊወለውል፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ ቶሎ።