አትቅበረው

ሳስካቱን፣ የካቲት፣ ወንዙ ድንጋይ ሆኖ፣
የየጣሪያው ጢስ ቀጥ ብሎ ገንኖ፣
ከመሣሪያ መደብር፣ ከአካፋዎች ጥግ ሥር፣
በሁለት ዶላር ከሃምሳ ገዛሁ የጦስኝ ዘር።

ፖስታውን ሳራግፍ መዳፌ ላይ ያለው
የትምባሆ ብናኝ፤ ማነው ዘር የሚለው?
አንዴ አስነጠሰኝና ግማሹ በረረ፣
ምንጣፍ ላይ ተዘራ፣ ሶፋ ሥር ሰፈረ።
«በርታ» አለች ስንቅነሽ መጥረጊያ እያነሣች፣
«ሳሎኑን እኔ አጭዳለሁ» ብላ እየሳቀች።

የእኔ ሥራ መቅበር ነው።
ማጋነን አይደለም፤ ከከተማው መቃብር
በቆፋሪ መኪና ስውል ከአፈር ጋር
አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ምድሩ ሲደድር
በጋዝ ማሞቂያ ነው ሌሊቱን የምናድር፣
አፈሩ እስኪላላ ለማግስቱ ቀብር።

ዘሩንም እንግዲህ እንደ ልማዴ አረግሁት፤
በጣቴ ጉድጓድ ምሼ አፈር አለበስሁት፣
ደልድዬ፣ ጠፍጥፌ፣ በውሃ አራስሁት።
አንድ ሳምንት። ሁለት። ሦስት።
ምንም።

ጎረቤቴ ኦሪሲያ፣ ሰማንያ ሦስት ዓመቷ፣
አያቶቿ ከዩክሬን፣ እዚሁ ውልደቷ፣
ሳህን ልትመልስ መጥታ፣ ካፖርቷን ሳትፈታ፣
ሳጥኔ ላይ አጎንብሳ ቆየች በዝምታ።
«ቀበርከው?»
«ቀበርኩት።»
«ማን ሞተና?» አለች።
«ይሄ ዘር ብርሃንን ካላየ አይነቃም፤
አፈር ላይ አሳርፈው፣ ከዚያ አልፎ አይጠልቅም።
አትቅበረው።»

አትቅበረው።
በሥራ ዘመኔ ይህን ያለኝ የለም።
ሰው የሚለኝ ሌላ ነው፦ ጥልቅ ይሁን፣ ጥሩ ቦታ፣
ዛፍ ሥር ቢሆን፣ ፀሐይ የሚያይ ወደ ማታ፣
ነገ በስንት ሰዓት? በረዶ ቢጥልስ፣ ጌታ?

የተረፈውን ዘር እንደ ጨው በተንሁት፣
በማንኪያ ጀርባ ብቻ አፈሩ ላይ ዳበስሁት፣
ላስቲክ ጣል አድርጌ መስኮት ሥር አኖርሁት።
በዘጠነኛው ሌሊት ከሥራ ስመለስ፣
ጫማዬ በረዶውን ምንጣፍ ላይ ሲያፈስስ፣
አረንጓዴ ነገር አየሁ።
እንደ ክር ጫፍ ቀጥኖ፣ ሁለት ቅጠል ተሸክሞ፣
ራሱን ማቅናት ያቃተው፣ ወደ መስኮት ተጣሞ።
ስንቅነሽን ቀሰቀስኋት። «ገና አልነጋም» አለች።
«አውቃለሁ፣ ተነሺ።» ተነሣች፣ አየች።
«ይሄ ነው?» አለችኝ። ተመልሳ ተኛች።

በሰኔ ወደ ጓሮ፣ ከአጥሩ ጥግ ሄደ።
ንብ ለመደው። ድመት ለመደው። እኔም ለመድሁት።
«ዘንድሮን ተወው» አለች ኦሪሲያ፣ «እጅህን ሰብስብ»፤
እኔም አንዲት ቅጠል ሰረቅሁ፣
አሸሁና አሸተትሁ፣
ከዚያ በኋላ ታዘዝሁ።

«ከዓመት ዓመት ይኖራል» ይላል የፖስታው ጀርባ፤
በኛ ቃል ከራሚ፣ ስሙ እንዲግባባ።
ግን እኛ የምንለው መክረም ዝናብ ነው፣ አበባ፤
የዚህኛው ክረምት ከዜሮ አርባ ወርዶ
የወንዙን ድልድይ እንኳ የሚያስጮህ በረዶ።
ጥር ላይ በኩሽና መስኮት ወደ ጓሮ ሳይ
ነጭ ነው፤ ስፍራው ራሱ ጠፍቶ፣ ምልክት የለው ላዩ ላይ።
እኔ እንኳ ለማላውቃቸው ቁጥር አቆማለሁ።

ሚያዝያ ሲገባ፣ በረዶው ሲነሣ፣
ግራጫ ሽቦ ሆኖ አገኘሁት፣ የዓሣ አጥንት፣ እሬሳ።
ይህን ደግሞ አውቃለሁ። የሞተን ከማንም
አስቀድሜ እለያለሁ፤ አስተማሪ አልሻም።
አካፋ አመጣሁ።

«ቆይ» አለች ኦሪሲያ ከአጥሩ ማዶ ቆማ።
በምርኩዝ ዞራ መጣች፣ ጭቃውን አቋርጣ፣
ተንበረከከች፤ ጉልበቷ ሲንቋቋ ሰማሁት፤
በአውራ ጣቷ ጥፍር የግንዱን ልጥ ፋቀችው።
ከሥሩ አረንጓዴ።
እርጥብ።

ምንም አልተናገረችኝ። እጇን ሰጠችኝ፣ አነሣኋት።
አካፋው እንደያዝሁት ነበር፣
የት እንደማደርገው ጠፋኝ።
ስሙ ውስጥ ጦስ አለ፤ ጦሱም ለእኔ ተረፈ፤
በአሥራ ሁለት ዓመቴ ሙያዬን አጎደፈ።

ሐምሌ ላይ፣ እሑድ ቀን፣ ዶሮ ጠበስን በምድጃ፤
ቅርንጫፉን በመቀስ፣ ቅቤና ነጭ ሽንኩርት፣
ኦሪሲያን ጠራናት፤ ያንን ካፖርት ለብሳ መጣች፣
በሐምሌ።
ቆረሰች። ጎረሰች። ዓይኖቿን ጨፈነች።
እኔ ዝም ብዬ ስጠብቅ፣ ስንቅነሽ በክርኗ
ጎኔን ጎሸም ስታደርግ፣
አላመጠች፣ አላመጠች፣ ዋጠች።

«ጨው ይጎድለዋል» አለች።