ዳንጊሶ የሚባል ሰው የለም

በቁጠባና ብድሩ ቤት፣ ፒያሳ ካለው ፎቅ፣
አንድ ሰው ፈጠርኩኝ፣ አንድም ሰው ሳያውቅ።

ዳንጊሶ ሹራሞ፤ የሚኖር በዓሣ፤
መሬቱ ተነክቶ የተሰጠው ካሣ
አራት መቶ ሺህ ብር። ወራሽ አላስሞላም።
ሰባት ዓመት ሙሉ በራችን ላይ ዝር አላለም።

ውሸት እውነት እንዲመስል ጉድለት ይፈልጋል፤
ጥርት ያለ መዝገብ ሌባን ያስበረግጋል።
ስለዚህ «ሹራሞ»ን «ሹራም» ብዬ ተውኩት፣
ከስልኩም ቁጥር ላይ አንድ አሃዝ ዘለልኩት።
(የኛ ደንበኛ ሁሉ እንዲሁ ነው የተጻፈ፤
ከጸሐፊ ስህተት ማን በደህና ተረፈ?)

ከዚያ ከመዝገቡ ደጅ ቀጭን ክር ዘረጋሁ፤
ጫፉ ከስልኬ ነው፤ ሲነካ እነቃለሁ።

የእውነቱን ደንበኛ መቶ እጅ ይነካዋል፤
ከመቶው የሌባው የቱ ነው? ማን ያውቃል።
ዳንጊሶን ግን፣ ወገኔ፣ የሚፈልግ የለም፤
ፈላጊ ከመጣ ለደግ አልመጣም።

የካቲት አለፈ። መጋቢት አለቀ።
አባ ኮዳ እንዲያ ነው፣ አሞራ ገደል ዳር፤
ዓሣው ተበልቶ ሆድዕቃው እስኪጣል
ሳይለምን፣ ሳይጮህ፣ አንገቱን ሰብሮ እየጠበቀ።

እኔም ለመድኩት። አንዳንድ ማታ ይናፍቀኛል።
ከፍቼ ልየው ስል ክሩ ትዝ ይለኛል፤
ራሴን በራሴ ወጥመድ ያዝኩ ማለት ነዋ!

ግንቦት። ቅዳሜ ማታ። ፍቅር ሐይቅ አጠገብ
ባጃጅ እጠብቃለሁ፤ ስልኬ ርግብ ርግብ፤
የሌለው ሰውዬ ነው የሚደውልልኝ፤
«ዳንጊሶ» የሚል ስም መስታወቱ ላይ በራልኝ።

ሦስተኛ ፎቅ፣ ይላል፤ በመስኮቱ በኩል፤
ቁጥር አሥራ ሰባት።
ተስፋልደት።
ሥራ ያስተማረኝ፣ ያረመኝ በቀይ እስክሪብቶ፣
የሰው ስም ሲሳሳት የሚቆጣ፣ ጠረጴዛ መትቶ።

ሰኞ፣ ገና በጠዋቱ፣ ያደረገውን በተራ አነበብኩ።

ከሁሉ አስቀድሞ ስህተቱን አረመ፤
ሰውዬው በወጉ «ሹራሞ» ተሰየመ።
ከዚያ ወደ ወራሹ፣ ወደ ባዶው ሣጥን ወረደ፤
የገዛ ልጁን ስም ካልተወለደ ሰው ጋር አዛመደ፦
ኤልዳና ዳንጊሶ።
ባለፈው ጥቅምት ኬኳን የበላንላት፣
ባሥር ዓመቷ መነጽር የታዘዘላት።

ሲያልፍ «እንዴት አደርሽ» አለኝ።
«እግዜር ይመስገን» አልኩት፤ ሌላ ቃል አልወጣኝ።

ቅጹ ይጠይቃል፦ የጎደለ ብር? ዜሮ።
የተጎዳ ሰው ካለ? ብዕሬ ቀረ ተቀርቅሮ።
ቆይቼ፣
«የለም» ብዬ ጻፍኩ።

ያ ወንበር እስካሁን ባዶውን ነው።

ወጥመድ ሁለቴ አይዝም። ሌላ ሰው ፈጠርኩ ትናንት፤
የከብት ሽያጭ ብር ያላት፣ አንዲት የይርጋለም ባልቴት።
ካባቷ ስም ላይ አንድ ፊደል ገደፍኩ፣ እንደ ወጉ።
የሚቆጣኝ የለም።