ለዓሣ ብርድ ልብስ

ከፒያሳ እስከ ደብረ ብርሃን፣ በሚኒባሱ ጥግ፣
አሥራ ሁለት ነፍስ በጃኬቴ ሥር፣ እንዳይበርዳቸው ስሸሽግ፣
ረዳቱ «ምንድነው?» አለኝ፣ እጁን ለሒሳብ ዘርግቶ፤
«ዓሣ» ብለው ሳቀብኝ፣ ላስቲኩን በጣቱ ነክቶ።
«ይኼ ነው ዓሣ? ሚስማር ነው!» ተሳፋሪው ሁሉ ዞረ፤
አለልቱን አልፈን ሸኖ ላይ፣ ብርዱ በመስኮት ጀመረ።
እጄን በላስቲኩ ላይ አድርጌ፣ ላስቲኩን በሆዴ አቅፌ፣
እንደ እርጉዝ ቀስ ብዬ ወረድኩ፣ ከሰው ሁሉ ኋላ ተርፌ።

ቴትራ ይባላሉ፤ የትንሽ ጣት አንጓ አያክሉም፤
ስድስት ካልሞሉ ይፈራሉ፣ ብቻ ለብቻ አይውሉም።
ሰማያዊ ክር ከዓይን ተነሥቶ፣ ከሥሩ ቀይ ተጠልፎ፤
ሠላሳ ዓመት በብርድ ልብስ ፋብሪካ ማሽን ስፈታ ስገጥም
እንዲህ ያለ ጥለት አላየሁም፣ በእጄ አልፎ።

የቧንቧው ውኃ በባልዲ ያድራል፣ የመድኃኒቱ ሽታ እስኪለቀው፤
የበሬሳን ጠጠር እንደ ንፍሮ ቀቅዬ፣ ሰባት ጊዜ ሳጥበው፣
ይህንኑ ለልጄ በስልክ ስነግራት፣
ዝም አለች። ዝምታዋን አውቃለሁ፤ ለእኅቷ ልትደውልላት።

«ይበላሉ ወይ?» አለች እትዬ ደብሪቱ፣ ጉልበቷን ይዛ ጎንበስ ብላ።
«አይበሉም።»
«ይሸጣሉ?»
«አይሸጡም።»
«እንግዲያ ሥራቸው ምንድነው?»
«አብረው ይዞራሉ።»
ቆይታ፣ ቆይታ፣
«ይህማ እኛም ስንሠራው የኖርነው ነው» አለች፣ ነጠላዋን አስተካክላ።

በሦስተኛው ሳምንት አንዱን ከማጣሪያው ሥር አገኘሁት፤
እንደ ታጠበ ክር ቀለሙ ለቆ። ጽጌረዳዋ ሥር ቀበርኩት።
አሥራ አንድ ሆኑ ማለት ነው፤ ለቆጣሪ ግን አይመቹም፤
ሰባት ስል ይገለበጣሉ፣ ስምንትን አያሻግሩም።
የጎደለው የት እንደነበር ፈለግሁ፤ ተጠጋግተው ሸፍነውታል።
በፋብሪካውም በር በሰዓቴ፣ ሌላ ሰው ካርዱን ይዞ ይገባል።

ታኅሣሥ ነው። ውርጩ ደጁን እንደ ጨው አልብሶታል።
ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ መብራት ሄዷል።
የማሞቂያው ቀይ ዓይን ከስሟል፤
ሃያ አምስት የነበረው ሃያ ሁለት፣ ቆይቶ አሥራ ዘጠኝ ሆኗል።
ብርድ ልብሱን ከአልጋዬ ገፈፍኩ፣ የጡረታዬን ስጦታ፤
መስተዋቱን ዙሪያውን ጠቀለልኩ፣ ሁለት ዙር፣ በእርጋታ።
እኔ በካፖርቴ ቀረሁ።
ዓሣም ይለብሰዋል ያለን አለቃ፣ በዚያ ሁሉ ዘመን አልነበረም።

በሩ ተንኳኳ። እትዬ ደብሪቱ፣ ውኃ በከሰል አሙቃ፣
ሁለት ሃይላንድ ሙሉ ይዛ፣ በነጠላዋ ሥር ደብቃ።
«እንካ፤ ለማይበሉት።»
ጠርሙሶቹን አንሳፈፍናቸው፤ የስልኬን ባትሪ አበራሁ።
መሐል ላይ ተጠጋግተው ቆመዋል፣ አመድ መስለው።
«ቀለማቸውስ? ሞቱ እንዴ?»
«የለም። ማታ ማታ ያጠፉታል።»
«ኧረ! መብራት ኃይል በላቸው!»
ሁለታችንም ሳቅን፣ እንዳይደነግጡ አፋችንን ይዘን።
ከዚያ ወሬ አልነበረም። ውኃው ሲቀዘቅዝ እሷ ትሄዳለች፣
ሞቅ ያለ ይዛ ትመለሳለች።
ሦስቴ። አራቴ። ጫማዋ በውርጩ ላይ ሲንኮሻኮሽ እሰማለሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲል ማሞቂያው ዓይኑን ገለጠ፤
መጀመሪያ በአንዱ፣ ከዚያ በሁሉም፣ ሰማያዊው ክር ሮጠ።
እትዬ ደብሪቱ ጣቷን ቀስራ ቆጠረች፤ አንዴ ብቻ።
«አሥራ ሁለት» አለች።
የመስተዋቱ ማዕዘን አንዱን ሁለት ያደርጋል፤ አውቃለሁ።
አላረምኳትም።
ብርድ ልብሱን አጥሩ ላይ ሰጣሁት፤ የረጠበው ጫፉ ብቻ።