ሳይሞላ

አስፋልቱ በሚያልቅበት፥ ኮዬ ፈጬ ማዶ፥
ታክሲው "መጨረሻ!" ብሎ ሲመለስ ባዶ፥
ብሎክ መቶ ዐሥር ሥር፥ ከሮቶው አጠገብ፥
ጀሪካን ተሰልፎ፥ ሰው ወሬ ሲመግብ፥
አንድ ጥያቄ አለ፥ ከሚያዝያ ጀምሮ፦
ሞላልኝ ይወርዳል? ዘመኑ ሳይሞላ፥ ይሄዳል ተባርሮ?

"ሊቀ መንበር" ሲሉት አልሰማሁም ይላል፤
"ፕሬዝዳንት" ያለው ሰው ማኅተም ያገኛል።
ማኅተሙ በኪሱ፥ ቁልፉ በወገቡ፥
የመቶ ሃያ ቤት በእጁ ነው ሒሳቡ።
ለአራት ዓመት መርጠን ሁለት ዓመት ገፋ፤
በሁለቱ መሐል፥ የኬብሉ ገንዘብ በየት በኩል ጠፋ?
የጋራው ቤታችን፥ የበግ ማረጃችን፥ የልብስ ማጠቢያው፥
ዛሬ ሲሚንቶ ሞልቶት ሌላ ሰው ነው ጌታው።
ኪራዩ ለማኅበር ነው? ወይስ ለሞላልኝ?
ቃለ ጉባኤ ያዥዋ እኔ ነኝ፤ የጻፍሁት የለኝ።

አስናቁ ተነሥታ ደብተር ይዛ ወጣች፥
ቤት ለቤት፥ በር ለበር፥ ፊርማ ለቀመች።
ደንቡ ሰማንያ ይላል፥ ከሦስት ሁለት እጁን፤
አንዱ ፈረመላት፥ አንዱ ደበቀ እጁን።
ጡረተኛው ደግሞ፥ ዐሥር አለቃ ጉግሳ፦
"ሦስት መንግሥት አየሁ ሲወድቅና ሲነሣ፤
ማንም ቀን ጠብቆ፥ በሩን ዘግቶ አልሄደም፤
ይኼም ካልገፋችሁት በገዛ እግሩ አይወርድም።"
ባለ ሱቋ ትርሃስ ዘይት እየቀዳች፦
"የዚህስ ሰው ቤቱ ጣራ ደርሷል" አለች፤
"የሚመጣው ሰው ግን ከመሠረት ሊጀምር ነው፤
ጣራ ብቻ የቀረውን ነው ወይ የምናወርደው?"

ጋሽ ዋቅጅራ ዘበኛው፥ ከቆርቆሮው ጎጆ፥
ይሰማል ዝም ብሎ፥ ዱላውን ደግፎ።
ይኼ ብሎክ የቆመው በአባቱ ጤፍ ማሳ፥
"እኛ ከዚህ ስንነሣ
ማን ፊርማ ለቀመ?" አለ አንድ ቀን፥ ድምፁን ሳያነሣ።
የመለሰ የለም።
ደብተሩም አለፈው። አባል አይደለም።

ዛሬ ማታ ፊርማው ሰባ ዘጠኝ ደርሶ፥
አስናቁ በሬ ላይ፥ ጉልበቷ በደረጃው አልቆ ጨርሶ፥
ደብተሩን ዘርግታ፥ እስክሪብቶውን ሰጥታ፦
"አንቺ ብቻ ቀረሽ። ፈርሚና ይሙላ" አለች በሹክሹክታ።

ተቀበልኋት። ግን ያ የነሐሴ ሌሊት፥
መብራት የጠፋ 'ለት፥ ምጤ የጠናብኝ 'ለት፥
ከአራተኛ ፎቅ ላይ በብርድ ልብስ ጠቅሎ፥
ከባሌ ጋር ሆኖ፥ ደረጃ በደረጃ "አይዞሽ፥ አይዞሽ" ብሎ፥
ቪትዙን በጭቃ ውስጥ በነጠላ ጫማ ገፍቶ አስነሥቶ፥
ሆስፒታሉ በር ላይ እስኪነጋ ቆሞ፥ በዝናብ ተመቶ፥
ያወረደኝ ማን ነው?
አሁን የማወርደው።

ባለፈው ዐርብ ደግሞ፥ ያችው ልጅ ተጠምታ፥
የሮቶውን ቁልፍ ብለምነው ማታ፥
"ውዝፍ አለብሽኮ" ብሎ፥ በዚያው እጁ
ኪሱ ውስጥ ከተተው። ቆሜ ቀረሁ ደጁ።

ይኼን አስብ ሳለሁ ቧንቧው አጓራና፥
"መጣ! ውኃ መጣ!" ብሎ ሕንጻው ተነሣና፥
አስናቁም ደብተሯን ጥላብኝ ወረደች፥
ሁለት ጀሪካኗን እያንኳኳች ሄደች።
ሞላልኝ ከታች ነው፤ "በሰልፍ! በሰልፍ!" ይላል፤
ከሳሹም ወዳጁም እኩል ይሰለፋል።

ሰማንያኛው መስመር እጄ ላይ ነጭ ነው።
እስክሪብቶው አላበው።
ከታች በጨለማ አንድ ሰው ይጮኻል፦
"ሞላ?"
ሌላው፦ "ገና ነው፤ ትንሽ ይቀረዋል።"