ቀለበቱን የያዘ

ሁለት ክር አስነሣሁ፣ አንድ ቆጣሪ ሰጠኋቸው፣
«ሺ ሺ ጊዜ ደምሩ» ብዬ ለቀቅኳቸው።
ድምሩ ሁለት ሺ ነው፣ ሕፃንም አይስተው፤
እነሱ ያመጡልኝ
ዐሥራ ሦስት ጎድሎት ነው።
ደግሜ ባስኬደው ሌላ ቁጥር ሰጠኝ፤
በሦስተኛው ልክ ሆነ፤
ያን ጊዜ ነው ይበልጥ ያስደነገጠኝ።

ሞራቱዋ ይዘንባል። ከሌሊቱ ዘጠኝ።
ካንዲፓን ሁለት ወንበር ገጥሞ
ከማራገቢያው ሥር ያንኮራፋል ተጋድሞ።
ስህተቱን ልያዘው ብዬ አንድ መስመር ጨመርኩ፣
«እዚህ ደርሻለሁ» የሚል ምልክት አስቀመጥኩ፤
ጠፋ። እንግዳ ሲመጣ ጨዋ እንደሚሆን ልጅ
እጁን አጣምሮ ቆመልኝ ከደጅ።
መስመሯን ሳነሣት ብርጭቆ ሰበረ፤
ሰባት፣ ዐርባ አንድ፣ ሦስት… መስረቁን ጀመረ።

ዶክተር ሴልቫናያጊ በመጀመሪያው ዕለት
ጠመኔ ሳያነሡ እንዲህ ብለውን ነበር፦
«‹ቀጥሎ› የምትሉትን ቃል
ከጫማችሁ ጋር አውልቃችሁ ከበር
ተዉት። እዚህ ቤት ውስጥ ‹ቀጥሎ› የለም።
ሁሉም ‹የፊተኛው እኔ ነኝ› ይላል፤
የሚዋሽም የለም።»

አባቴ ፒያዳሳ የኮሌጅ ደጅ አላየ፤
ደመና በሚያርፍበት የሻይ ተራራ ላይ ቆየ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ሐዲዱ አንድ ብቻ በሆነበት ቦታ
ቀለበት ሲያቀብል ጠዋትና ማታ።
የሽቦ ቀለበት፣ ከሥሩ የቆዳ ከረጢት፣
በከረጢቱ ውስጥ የነሐስ ምልክት፤
ነጂው ሳይቆም ክንዱን ያሾልክና ይመነጭቀዋል፤
የያዘ ያልፋል፣
ያልያዘ ይቆማል።
ሌላ ፍልስፍና የለውም።

ደወልኩለት። ጭንቀቴን ነገርኩት። ሳቀ፣ እስኪያስለው።
«ታዲያ ሁለተኛ ዲግሪ ያሉሽ
የእኔን ሥራ ነው?»
«ቀለበቱ ቢጠፋስ?»
«ጠፍቶ ያውቃል፤ በጭጋግ ከነጂው ክንድ አመለጠ፣
ከሻይ ቁጥቋጦ መሀል እንደ እባብ ሰረጠ።
ሁለት ባቡር በሁለት ጣቢያ ተገትሮ አደረ፤
ተሳፋሪው ሰደበኝ፤
አንዱ ሙሽራ ነበር፣ ሰርጉ ላይ ሳይደርስ ቀረ።
ሲነጋ ቆጠርናቸው።
አንድም ሰው አልጎደለ።»

ዶክተሯ በሰሌዳው ሁለት መስመር ጽፈው ነበር፦
«ክፉው ከቶ አይሆንም።
በጎው አንድ ቀን ይሆናል።»
«ፊተኛው ቀላል ነው፤ ሁሉን አቁሙ፣ ይሟላል።
ሰው የሚያስረጀው ኋለኛው ነው»
ብለው ዐይናቸውን አሹ።
እኔም ቁልፍ ጻፍኩ፣ አንዱ ሲገባ ሌላው እንዲጠብቅ።
መቶ ጊዜ አስኬድኩት። መቶ ጊዜ ሁለት ሺ።
ዘገመ እንጂ አልጎደለም።

በሰኔ ጎርፍ ያገሬው የስልክ ማማ ወደቀ።
ሁለት ቀን እንደ ድንጋይ ቆይቶ ስልኬ ድንገት ነቃ፦
«ወጣሁ። ሾርባ ጠጣሁ። አታስቢ በቃ።»
እፎይ አልኩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ
«ደረቴን ይዞኛል፤ እየወሰዱኝ ነው ባዱላ።»

የትኛው ቀደመ?
ገብቶ ነው የወጣ? ወጥቶ ነው የተመለሰ?
በፈተና ጽፌዋለሁ፣ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ፦
«መልእክት የደረሰበት ተራ
የተላከበትን ተራ አይመሰክርም።»
አባዬ፣ ከጥጉ ላይ አንድ፣ ሁለት ብለህ
ብትጽፍበት ምን ነበር!
ብደውል አይነሣም። የዘገየና የሞተ፣
ከሩቅ ሆኖ ለሚጠብቅ፣
ዝምታቸው አንድ ነው።

ሌሊት ተሳፈርኩ። ከሃቶን ሽቅብ ባቡሩ ጭጋግ ውስጥ ቆመ።
ጋሪው ሙሉ ሰው አጉረመረመ።
«ምን ይጠብቃል ይሄ?» አለችኝ
የሙዝ ዘለላ ያቀፈች ሴት።
«ከወዲያ የሚመጣውን» አልኳት።
ሌላ ጊዜ ቢሆን እኔም እሳደብ ነበር።

አንድ የማላውቀው ወጣት ፋኖስ አንጠልጥሎ ወጣ፣
ቀለበቱ ትከሻው ላይ፣ ዝናቡ ከቆቡ እየተንጠባጠበ።
ስልኬ ጭኔ ላይ እንደ ጨለመ ነው።
ነጂው በመስኮት
ክንዱን ዘረጋ።