አንድ ሃይላንድ ባሕር

ለሥልጠና ነው የላኩኝ፣ «አዲሱን ማሽን ልመጂ» ብለውኝ፣
የብርድ ልብስ ፋብሪካው ሰዎች፤ ሦስት ሳምንት ነው የሰጡኝ።
ከደብረ ብርሃን ተነሥቼ፣ ጥርስ ከሚያፋጭ ውርጭ፣
ደሴት ላይ ወረድኩ፣ ላብ በጠዋት ከግንባር ወደሚረጭ።

ስመለስ ቤቴ አልገባሁም፤ በሚኒባስ ወደ አንኮበር፣
አባቴ ጋ ነው የሄድኩት፣ ሻንጣዬ እንኳ ሳይበረበር።
ደጅ ላይ ነበር፣ ጉም ውስጥ፣ ካቦርቱን ደርቦ፣
ከዘራውን እንደ ልጅ ጉልበቱ ሥር አቅርቦ።
«አየሽው ወይ፣ ትርንጎ?» ሌላ ሰላምታ የለ፤
«ባሕሩን አየሽው?» አለኝ፣ ድምፁ ዝቅ እያለ።

ይፍሩ ማለት አባቴ፣ ጉልበት በነበረው ሰዓት፣
አህያ ነድቶ አፋር ድረስ፣ በዚያ ሁሉ የፀሐይ እሳት፣
ጨው አምጥቶ አልዩ አምባ ገበያ ሲቸረችር የኖረ፣
ጨው የሚወለድበትን ግን ሳያይ ሸብቶ የቀረ።

ሃይላንዱን፣ ከልብሴ መሃል በፎጣ ጠቅልዬ ያመጣሁትን፣
አወጣሁና ሰጠሁት፣ ከሞገዱ ጫፍ የቀዳሁትን።
ወደ ብርሃን አነሣው። አገላበጠው። አሸተተ።
«ይኼማ ውሃ ነው» አለ፤ «ሰማያዊው ወዴት ሸፈተ?»

እኔም ይኼንኑ ነበር ዳርቻው ላይ የጠየቅሁ፣
ከሩቅ ያማለለኝ ቀለም እጄ ውስጥ ሲጠፋ ባየሁ።

«ማዶ የለውም?» «አይታይም።» «ታዲያ ማን ይጠብቀዋል?»
«ማንም። ዓሣ አጥማጅ ብቻ መሃሉ ገብቶ ይውልበታል፣
እንጨት ተክሎ፣ እንጨቱ ላይ ሽመላ መስሎ ቁጢጥ ብሎ፣
አንዲት ዓሣ ይዞ ይገባል፣ ቀኑን ሙሉ እዚያው ውሎ።»
ፈረንጁ አሸዋው ላይ ተሰጥቶ፣ እንደ በርበሬ ሲገላበጥ
አየሁ ስለው፣ «ለፀሐይ ይከፈላል?» አለኝ፣ ካቦርቱ ውስጥ ሲሸጎጥ።

ከዚያ ምሽጉን ነገርኩት፣ ከባሕር የመጣ ሰው የገነባው፣
አንዱ ሲወጣ ሌላው መጥቶ፣ እየተተካ የገባው።
ቅጥሩ ላይ ልጆች ኳስ ሲያንከባልሉ፣ የታጠበ ልብስ ሲደርቅ፣
መድፍ አፍ ውስጥ ወፍ ጎጆ ሠርታ፣ ጭራሮ ከጎረቤት ስትሰርቅ።
ራሱን ነቀነቀና ወደ ኮረብታው ዞረ፣
ወደ ነገሥታቱ ግቢ፣ ግድግዳ ብቻ ወደ ቀረ።
«ወፍ ከገባበት ደኅና ነው» አለ።

ቀጥሎ የፈራሁት መጣ። «ጸሎታቸውስ?» አለኝ።
አባቴ ሰንበት አይሽርም፤ ምላሴን ትንሽ ያዘኝ።
«ጫማ ያወልቃሉ» አልኩት። «እንደኛ?» አለ። «እንደኛ።
ነጭ ለብሰው፣ አበባ ይዘው፣ ሌላው ሰው እንደተኛ።»
እኔ የሄድኩት ረፋዱ ላይ፤ በጣቴ ጫፍ እየዘለልሁ፣
አለቱ እሳት ሆኖብኝ፣ የኛን ደጀ ሰላም አሰብሁ፤
እግር ያው እግር ነው፤ እዚያ ሲቃጠል፣ እዚህ ሲደነዝዝ፣
አንድ ዓይነት አረማመድ አለው፣ ሰው ጫማውን ትቶ ሲጓዝ።

አንድ ዛፍ አለ፣ ክንዱ በወርቅ ቅብ ብረት የተደገፈ፣
ቅጠል አይቀጠፍበትም፤ የሚለቀመው የረገፈ።
አንዲት አሮጊት አንሥታ መዳፌ ላይ አኖረች፣
ቋንቋ የለን፤ ጉንጬን ነካ አርጋ ወደ ጸሎቷ ዞረች።
«የታለ?» አለኝ። ከመታወቂያዬ ጀርባ ነበር፣
የልብ ቅርጽ ያለው፣ ጅራታም፣ ደርቆ በትንሽ የሚሰበር።
እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በዓይኑ ብቻ አየው።

«ከአለት የተጠረበ፣ በጎኑ የተኛ ሰውም አለ፤ ከዚህ እስከ አጥሩ ይሆናል፤
ትራሱ ድንጋይ ነው፣ ግን ጭንቅላቱ ያረፈበት ጎድጉዷል።»
«አሞት ነው?» «አይ፤ ጨርሶ ነው፤ የሚፈልገው ሁሉ አልቆ።»
አባቴ ሳቀ መሰለኝ፣ ሳሉ ከሳቁ ተደባልቆ።
«እኔ ግን አልጨረስኩም» አለና ክዳኑን አዞረ፤
መዳፉ ላይ ጠብ አደረገ፤ በምላሱ ጫፍ ሞከረ።

ጠበቅሁ፣ እስኪተፋው ድረስ፣ ፊቱን እስኪያጨማድድ።
አልተፋም። ዓይኑን ጨፈነ፣ አህያ ከፊቱ እንደሚነዳ፣ ቁልቁል እንደሚወርድ።
«ከአፋሩ ይሳሳል» አለኝ፤
«ነጋዴው ውሃ ጨምሮበታል።»

ሲነጋ ባልዲው ውስጥ ውሃው ስስ በረዶ ለብሷል።
አባቴ ቀድሞኝ ተነሥቶ፣
ሃይላንዱን ጆሮው ሥር ይዞ
ቀስ እያለ ይወዘውዛል።